ማስተርሱን ከመጀመርሽ በፊት ስለ መስክ ልምምዱ ጠይቂ

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሶሺዮሎጂ ተመርቀሻል፣ አሁን በኮንትራት የሕፃናት ጉዳይ ላይ ትሠሪያለሽ። «ጎንደር ላይ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ልምድ ላጠራቅም? ከጀመርኩስ መደበኛው ይሻላል የቅዳሜና እሁዱ?» ነው ጥያቄሽ።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ። ማስተርስ ይዘሽ እዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም አለ። ግን አንድ ነገር ጽፈሻል፦ «ተደፍራ የመጣች ልጅ ፊቴ ቁጭ ብላ ምን እንደምላት ጠፋኝ»። እኔን ያሳመነችኝ እሷ ናት። ሶሺዮሎጂ ልጅቷ እዚህ እንዴት እንደደረሰች ያስረዳሻል፤ ነገ ጠዋት ከእሷ ጋር ምን እንደምታደርጊ፣ ለማን እንደምትደውይ፣ ምን መዝግበሽ ምን እንደማትመዘግቢ የሚያስተምረው ሶሻል ወርክ ነው። ስለዚህ ተማሪ።

ዋናው ነገር የመስክ ልምምዱ ነው። እኔ ስማር የተመደብኩበት ቢሮ ሁለት ወር ሙሉ ፋይል አስደረደረኝ። ሱፐርቫይዘሬ አካውንቲንግ የተመረቀ ሰው ነበር፤ ደግ ነው፣ ቡና ይጋብዘኛል፣ ስለ ኬዝ፣ ማለት የአንድን ባለጉዳይ ችግር ይዞ ስለመከታተል፣ ግን ከእኔ አይሻልም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ነው። 30 ዓመት ገደማ በሙያው ያልተመረቀበት አገር ሱፐርቫይዘር ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ማራኪ ግቢ ብቅ በይና ከአስተማሪ በፊት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊ። ስንት ሰዓት መስክ ትወጣላችሁ? ማነው የሚከታተላችሁ፣ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ ያወያያችኋል ወይስ መጨረሻ ላይ ፈርሞ ይለቃችኋል? ኬዝ በእጃችሁ ይሰጣችኋል? ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ዕውቅና ያለው ማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት መስክ ይጠይቃል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት አግኝተሽ መስክ የለውም ካሉሽ ተይው። ምርጫ ከሰጡሽ ሆስፒታሉን ወይም ዳባት ያለውን የአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ ጠይቂ፤ እዚያ ፋይል ብቻ ስትደረድሪ አትውይም።

መደበኛ ወይስ ቅዳሜና እሁድ ላልሽው፣ ክፍል ቅዳሜ ይሰጣል እንበል፣ መስኩስ? ቅዳሜ ቢሮው ሁሉ ዝግ ነው። የቅዳሜውን የሚመርጡ ብዙዎች እዚህ ጋ ነው የሚጣበቁት፤ መስኩ ሲደርስ አለቃ ፈቃድ ይከለክላል፣ ከዚያ ወረቀት አስፈርሞ ማለፍ ይመጣል። ገቢ ስለሚያስፈልግሽ የቅዳሜውን ብትይዢ አልቃወምም፣ ግን የራስሽን መሥሪያ ቤት የመስክ ቦታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከቻሉልሽ ሥራውም ሱፐርቫይዘሩም ከዕለት ሥራሽ የተለየ ይሁን፣ አለበለዚያ የምታውቂውን ነው የምትደግሚው።

የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ አትናቂው፤ የሂሳቡ ክፍል ከትምህርት የራቀን ሰው ያስቸግራል። የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ከልሺ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፣ አዘዞ ያለችው እናት ግን የምታወራሽ በአማርኛ ነው። «ኢምፓወርመንት»ን ለእሷ በምን ቃል ትነግሪያታለሽ? ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የኬዝ ማስታወሻሽን በአማርኛ መጻፍ ልመጂ። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን መጀመሪያ ለአለቃሽ ንገሪው። መስክ የምትወጪባቸውን ቀናት የሚፈቅድ ደብዳቤ አጽፊ፣ በቃል የተባለ ፈቃድ አለቃ ሲቀየር ይጠፋል። ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ተመዝገቢ።