መልስ፦ የምርጫው ቀን ሳይታወቅ የድምፅ መስጫ ጣቢያ እንዴት ልያዝ?

ቀኑን አትጠብቅ፣ ጣቢያ የሚሆኑትን አዳራሾች ከአሁኑ አነጋግር። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት መደበኛው ቀን በሕግ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ምርጫ ቀደም ብሎ ተጠርቷል። ለጁን 2026 ይጠበቅ የነበረው ምርጫ ፌብሩዋሪ 27፣ 2025 ተካሄደ። የግዛቱ ምክር ቤት የተበተነው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 28 ነው። በአንድ ወር ውስጥ አዳራሽ ፍለጋ ብትጀምር አይደርስልህም።

1. ለየሰፈሩ አንድ ዋና፣ አንድ ተጠባባቂ አዳራሽ ምረጥ።

2. ባለቤቱን "ምርጫ በድንገት ቢጠራ ታከራዩናላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። ቁልፍ የሚይዘውን ሰው ስልክም ያዝ። ኃላፊው እሺ ብሎ ጥበቃው ካልሰማ፣ ማለዳ ሠራተኞችህ ደጅ ይቆማሉ።

3. ሠራተኛ ከሚያስፈልግህ በላይ መዝግብ፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚቀር አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አዳራሹን በስልክ ብቻ አትቀበል፣ ራስህ ሄደህ እየው። "ለዊልቸር ይመቻል" የተባልኩበት ቦታ ስሄድ መወጣጫው በጓሮ በኩል ነበር። በሩ ተቆልፏል፣ በረዶም ተከምሮበታል። እንዲህ ያለ በር መራጩን ከነድምፁ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በሩን ከፍተህ ሞክረው፣ ስፋቱን ለካ፣ በረዶውን ማን እንደሚጠርግም በስም ተስማማ።