የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፔኔ፣ ፉሲሊ፣ ሪጋቶኒ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እኛ ረጅሙን ፓስታ፣ አጭሩን መኮሮኒ እንላለን። እሽጉ ላይ ግን «ፔኔ ሪጋቴ»፣ «ፉሲሊ»፣ «ስፓጌቲኒ» የሚል እናነባለን። ትርጉም አላቸው ወይስ የፋብሪካ ስም ናቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ትርጉም አላቸው፤ ቅርጻቸውን የሚናገሩ ተራ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። «ፓስታ» ራሱ ሊጥ ማለት ስለሆነ ለጣሊያኖች መኮሮኒውም ላዛኛውም ፓስታ ነው። ስፓጌቲ «ስፓጎ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ እኛም ዕቃ የምናስርበትን ሲባጎ ያገኘነው ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ስፓጌቲ ማለት ትንንሽ ሲባጎ ነው። ፉሲሊ የመጣው ከ«ፉሶ» ማለትም ከእንዝርት ነው፤ በደቡብ ጣሊያን ዛሬም ሊጡን በቀጭን ብረት ላይ እየጠመጠሙ በእጅ ይሠሩታል። «ፔና» የወፍ ላባም ብዕርም ነው። አንድ ፔኔ አንሥተው ጫፉን ቢያዩት፣ ድሮ ቀለም እየነከሩ ይጽፉበት እንደነበረው ላባ በሰያፍ ተቆርጧል። ሊጡን ሳይጨፈልቅ እንዲህ የሚቆርጥ ማሽን በጄኖቫ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1865 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ፋርፋሌ ቢራቢሮ፣ ኦሬኪዬቴ ትንንሽ ጆሮ ነው።

ስም መጨረሻው ላይም ይናገራል። ስፓጌቲኒ ከስፓጌቲ የቀጠነ፣ ስፓጌቶኒ የወፈረ ነው። «ሪጋ» መስመር ነው፤ ስለዚህ «ሪጋቴ» የሚል ካዩ ላዩ መስመር አለው፣ «ሊሼ» ካለ ልሙጥ ነው። ሪጋቶኒም ትልቁ ባለመስመር ማለት ነው። ለተፈጨ ሥጋ ስጎ ባለመስመሩን ይምረጡ፤ ሥጋው መስመሩና ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከቀጭን ስፓጌቲኒ ጋር ግን ተንሸራቶ ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ ለእሱ ቀለል ያለ የቲማቲም ስጎ ይስማማዋል።

ጥያቄ፦ ውሃው ላይ ዘይት ጠብ ባደርግም ፔኔው ይጣበቅብኛል። እሽጉ 9 ደቂቃ ስላለ በ9 ሳወጣው ደግሞ መሃሉ ጥሬ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥሬ የሚሆነው በከፍታው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እሽጉ ላይ ያለው ደቂቃ ግን 100 ዲግሪን ያሰበ ነው። ከ9ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ እያወጡ ነክሰው ይዩት፤ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው፣ ነጥቡ ሊጠፋ ሲል ያውጡት።

የሚጣበቀው ግን መጀመሪያ ላይ ከላዩ የሚወጣው ስታርች እንደ ሙጫ ስለሚይዘው ነው። ለ500 ግራም 5 ሊትር ውሃ በደንብ ያፍሉ፣ 50 ግራም ጨው ይጨምሩ (ስጎው ጨው ከበዛበት 35 ይበቃል)፣ ፔኔውን ከጨመሩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ያማስሉ። ዘይቱን ይተዉት፤ ውሃው ላይ ከመንሳፈፍ በቀር አይረዳም፣ ሲያጠሉት ደግሞ ፔኔውን ቀብቶ ስጎው እንዳይይዝ ያደርገዋል። በቀዝቃዛ ውሃም አይጠቡት። ከማጥለልዎ በፊት ከመቀቀያው ውሃ አንድ ሲኒ ያስቀሩ፤ ፔኔውን ስጎው ውስጥ ጨምረው በዚያ ውሃ እያቀጠኑ 1 ደቂቃ እሳት ላይ ያገላብጡት።