ያላየሁትን አልጽፍም

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ማስተርስህን ጨርሰህ በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል በጀማሪ ተመራማሪነት መቀጠርህን ነግረኸን፣ «በሥራም በኑሮም የምትመሩበት መርህ ካላችሁ አካፍሉኝ» ብለሃል። እኔ ጤፍ ላይ መሥራት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። የማልደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ዋናውን የተማርኩት ግን ተሳስቼ ስለሆነ እሱን ሳልደብቅ ልንገርህ።

ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዝርያ ማወዳደሪያ ሙከራ ተሰጠኝ። እያንዳንዱ ዝርያ አራት ቦታ ተደግሞ ተዘርቷል። ሦስቱ ድግግሞሽ ከፍ ያለው ማሳ ላይ፣ አራተኛው ታች ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ልናጭድ ሳምንት ሲቀረን፣ ሌሊት ከብት ገባና ታች ካሉት መደቦች አንዱን ጨረሰው። ተስፋ የጣልኩበት ዝርያ የተዘራበት መደብ ነው።

ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ደርሶ ነበር። የሦስቱን አማካይ አስልቼ ባዶውን ቦታ ሞላሁት። «አማካዩን አይቀይረውም፣ ማንን ይጎዳል?» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የጎደለ መደብ እኮ በስታትስቲክስ የሚያዝበት የታወቀ መንገድ አለው። መጉደሉን ግን መጻፍ አለብህ። እኔ አልጻፍኩም።

በዓመቱ ያንን ዝርያ ይዘን ገበሬ ማሳ ወጣን። መስከረም ላይ ዝናቡ በረታ። ረባዳው ማሳ ላይ የተዘራው ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ የተረፈውም ተጋሸበ። ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ምን እንደሚሆን የሚያሳየን ያ ከብት የበላው መደብ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ከደረቁ መሬት በመጣ ቁጥር ሸፈንኩት።

አብረውን የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የመስክ መዝገቡን ከፍተው አሳዩኝ። በእርሳስ፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ «ከብት በልቶታል» ይላል። «ልጄ፣ እኔ የጻፍኩት ይሄን ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ አለቃዬ ጋ ሄጄ ነገርኩትና ሪፖርቱ ታረመ። ማሳቸውን የሰጡን ገበሬዎች ጋም ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር፤ የአንድ ክረምት መሬታቸውን ነው የሰጡን። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልጽፍም። የጎደለውን «ጎድሏል» እላለሁ።

ሌላው፣ የምንመዝነውን ነገር ባለቤቱን መጠየቅ ነው። አንድ ጊዜ አውድማ ላይ የሁለት ዝርያ ፍሬ መዝነን «ይኼኛው ይበልጣል» ብለን ለባለማሳዋ እናት ነገርናቸው። እሳቸው ወደ ጭዱ ክምር ሄዱ። ከአንዱም ከሌላውም እቅፍ እቅፍ አድርገው አነሱና «በሬዎቼስ? እናንተ ግማሹን ነው የመዘናችሁት» አሉን። እውነታቸውን ነው። የጤፍ ጭድ ከብት ይመገበዋል፣ ለቤት ምርጊት ከጭቃ ጋር ይቦካል፣ ገበያም ወጥቶ ይሸጣል። ከዚያ ጀምሮ ጭዱንም እንመዝናለን።

ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ ታሪክ ስታነብም ይኼንኑ ታያለህ። ዱከም የሚባለው ዝርያ ምርታማ ነበር፣ ፍሬው ግን ገበያው የሚፈልገውን ያህል አይነጣም። ማኛው ይነጣል፣ ምርቱ ግን አነስ ይላል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቀሉና እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ተለቀቀ። ገበሬው የወደደው ምርቱንም ንጣቱንም ስላገኘበት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማንም አስባቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ብዙ ሰው አይቶት የሚያልፈው ነገር ነው። እሳቸው ቆመው ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ እንዶዱ እንደሚገድላቸውም አረጋገጡ። በውጭው ዓለም ተቀባይነት ለማግኘት ግን ረጅም ዓመት ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ልብስ አጣቢዎቹ እንዶዱን ከእሳቸው በፊት ያውቁት ነበር። እኔም ማሳ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው እዚያ የሚውለውን ሰው ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ዳታውን የሰበሰበ ሰው ስሙ ወረቀቱ ላይ ይግባ፤ ጋሼ በሁለት ጽሑፎቻችን ላይ አሉ። ያልዋልኩበትን ቀን አበል አልፈርምም። እዚህ ላይ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚልህ ሰው ይመጣል፤ እሺ አትበለው። ያልሄድክበትን ቀን መፈረም ከለመድክ፣ ያልመዘንከውን መደብ መሙላት ሩቅ አይሆንብህም።

ስለ ኑሮም ጠይቀሃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብዙ ቀን ቤቴ አላድርም። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ «መቼ ትመጫለሽ?» ሲሉኝ እንዳያለቅሱ ብዬ «ነገ» እል ነበር። ትልቋ አንድ ቀን እስከ ማታ በር ላይ ስትጠብቀኝ ውላ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። አሁን ካላወቅኩ «አላውቅም፣ ማታ እደውላለሁ» እላለሁ፤ እደውላለሁም። የባሌ ትዕግሥት ባይኖር ይህን ሥራ እስካሁን አልዘልቀውም ነበር። አግብተህ ከሆነ፣ የመስክ ፕሮግራምህን ከመሥሪያ ቤቱ እኩል ቤትህም ይወቀው።

ሥራ የምትጀምረው ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ መዝገብህን በእርሳስ ጻፍ። አንዳንዱ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ማታ ደክሞህም ቢሆን የቀኑን ገጽ ፎቶ ሳታነሳ አትተኛ። ማሳ ላይ ግራ የገባህ ነገር ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ።