ሀ ሁን በዜማ ይወጣዋል፣ ፊደሉን ግን አይለይም

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዳውን ሲንድረም (ከውልደት ጀምሮ ያለ፣ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) አለበት። ሀ ሁን በዜማ ሲል አንድም አይስት። ሰንጠረዡ ላይ አንዱን ፊደል ነክቼ «ይሄስ?» ስለው ግን ዝም ይላል። መጽሐፍ ስሰጠው ይቀድደዋል። ትምህርት ቤት «ለጊዜው ይጫወት» አሉኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለእንደሱ ዓይነት ልጆች የተሠራ የፊደል መማሪያ ልላክለት ትላለች፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ምን ይመክሩኛል?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እህትሽ ገንዘቧን ትያዝ። ልጅሽ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እቤትሽ አለ።

ልጅሽ ዜማውን ይዟል። ይበል፣ አትከልክይው። ሰንጠረዡ ላይ ግን 33 ፊደል በሰባት ሰባት መልክ ተደርድሯል፤ 231 ማለት ነው። ይህን ሁሉ ባንዴ ፊቱ ዘርግተን «ይሄ ማነው?» ብንለው ዝም ቢል አይፈረድበትም። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ስለዚህ በፊደል አትጀምሪ። በሙሉ ቃል ጀምሪ፤ ቃሉም ከራሱ ኑሮ ይምጣ።

ስልክሽ ላይ ካሉት ፎቶዎቹ ጥቂት መርጠሽ ፎቶ ቤት አሳትሚ። ዳቦ ሲበላ፣ ወተት ሲጠጣ፣ ኳስ ይዞ። የጫማ ካርቶን በእኩል መጠን ቁረጪና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፊ። ከሥሩ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ አንድ ቃል ጻፊ፦ ዳቦ። ገጹን በሰፊ ፕላስተር ሸፍኚው፤ ምራቅም ሻይም አይጎዳውም። በጎን ብሺና በጫማ ማሰሪያ እሰሪ። በየገጹ ጥግ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ ለጥፊበት፤ ገጾቹ ስለሚራራቁ ጣቱ በቀላሉ ይገባል። ልጅሽ መጽሐፍ የሚቀድደው በክፋት አይመስለኝም። የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ላላ ይላል፤ ስስ ወረቀት መግለጥ ከባድ ሥራ ነው።

ከዚያ ያንኑ ቃል ያለ ፎቶ በሌላ ካርቶን ላይ ጻፊ። መጀመሪያ ካርቶኑን ከተመሳሳዩ ቃል ላይ ያስቀምጥ። መናገር የለበትም፣ ማስቀመጥ ብቻ። ይህ ሲቀለው ሁለት ካርቶን ዘርግተሽ «ዳቦ የቱ ነው? አምጣልኝ» በይው፤ ይመርጣል። አንቺ ይዘሽ «ይሄ ምንድን ነው?» የምትይው በመጨረሻ ነው። ብዙ እናቶች ከዚህኛው ስለሚጀምሩ ልጁ ገና በጠዋቱ ይሸሻቸዋል። ሲሳሳት «አይደለም» አትበይ፤ እጁን ይዘሽ ትክክለኛው ላይ አስቀምጪለት። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እየወደደው አቁሚ።

ጥቂት ቃላት ሲለይ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ስሙን፣ ዳቦን፣ «በላ»ን ለየብቻ ጽፈሽ በተርታ ያስቀምጣቸው። ባለቤቱ ሁልጊዜ እሱ ይሁን። «እማዬ» ካልሽ ግሡ «በላች» ይሆንና ሌላ ቃል ይመጣበታል። ለዚያ ጊዜ አለው። መሃል ያለውን ብቻ ቀይሪ፦ ዳቦ በላ፣ ሙዝ በላ፣ ሽሮ በላ። ንግግሩ ያልጠራ ልጅ ሲያነብ ንግግሩም ሲፈታ አይቻለሁ። ጆሮው ያመለጠውን ድምፅ ዓይኑ ይይዝለታልና።

ፊደልን የምታመጪው አሁን ነው። በእጁ ይሥራው። በካርቶን ትልቅ «በ» ቁረጪ። ቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ ቁራጭ ስትጨምሩበት «ቡ» ይሆናል። ቁራጩን ወደ እግሩ ስታወርዱት «ቢ»። ቀኝ እግሩን ቀጥሉት፣ «ባ»። ቀኝ እግሩ ሥር ቆርኪ አድርጉበት፣ «ቤ»። ግራ እግሩን ቀጥሉት፣ «ቦ»። «ከ»ም እንዲሁ ይሄዳል። «ሰ»ን ግን አቆዪው፣ ከ«በ» ጋር ይምታታበታል። ሳድስን (ስድስተኛውን መልክ፣ «ብ»ን) ለብቻው አታስተምሪ፤ ከፊደል ፊደል መልኩ ስለሚለዋወጥ በቃል ውስጥ ይልመደው። ቆርኪውን ጠርዙን ደፍጥጠሽ ተጠቀሚ፤ ወደ አፉ የሚወስድ ከሆነ በካርቶን ክብ ተኪው።

ጣቱ ፊደሉን እንዲያውቀው «በ»ን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠሽ ለጥፊና በጣቱ ይከተለው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ታዋቂውን የሕፃናት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ልጆች ጋር ነበር የሠራችው፤ የሚዳሰሱ ፊደሎቿም ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው። በእኛም አገር ዛሬ በሕይወት የሌለችው ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጇና ለመሰሎቹ ብላ በፊደሎቻችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጅታለች። አዲስ አበባ የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ብቅ ብትዪ ደስ ይለኛል፤ የልጅሽ ጉዳይ ሌላ ቢሆንም መንገዱን ታያለሽ።

ጆሮውንና ዓይኑን ግን ሳትውይ ሳታድሪ አስመርምሪ። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ልጆች ጆሯቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ የዓይን ችግርም ይበዛባቸዋል። «ቡ»ን ከ«ቢ» አልለየም የተባለ ልጅ መስማቱ መጀመሪያ ይረጋገጥ።

«ለጊዜው ይጫወት» ያሉሽ ነገር አናዶኛል። ይጫወት፣ ግን ያንብብም። መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ክተችና አስተማሪው ፊት ራሱ ይግለጠው። ሌላ መጽሐፍ እንዲሰጡት ከመጠየቅሽ በፊት የሚችለውን ይዩ።

እህትሽ ካልላክሁ ካለች አንድ ጥቅል ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ጨርቅ) ትላክልሽ፤ ቃላቱንና የ«በ»ን ቁራጮች ለመለጠፍና ለመንቀል ይመቻል። የእንግሊዝኛው ፊደል መማሪያ ይቅርባት።