ጥያቄና መልስ፦ በጠርሙስ ያሉት ትሎች ለምን ይሞታሉ?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ከጓሮ ያወጣቻቸውን ስምንት የምድር ትሎች በአንድ ጠርሙስ አፈር ውስጥ ታሳድጋለች። መስኮት ላይ አስቀምጣ በየቀኑ ውሃ ታጠጣቸዋለች። በአምስተኛው ቀን ሦስቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወደ ክዳኑ እየወጡ ነው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ብዙ ውሃ አጠጥታችኋል፣ ፀሐይም መታቸው። የምድር ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ቆዳው ሲደርቅ ይታፈናል። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር ይወጣና እንደገና ይታፈናል። ወደ ክዳኑ የሚወጡት አየር ፍለጋ ነው። መስኮቱ ላይ ደግሞ ፀሐይ የመታው ጠርሙስ ቶሎ ይግላል፤ ለጓሮ ትል ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፣ 30 ሲያልፍ አይቋቋምም። የሞቱትን ዛሬውኑ ያውጡ፤ ቶሎ ስለሚበሰብሱ የቀሩትንም ይጎዳሉ።

አዲስ ቤት ይሥሩላቸው። ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ፣ ግልጽ ዕቃ ይፈልጉ። ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር የጓሮ አፈር፣ በላዩ 1 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፤ ከአፉ አራት ጣት ያህል እስኪቀር አፈርና አሸዋውን እያፈራረቁ ይደርድሩ። አፈሩ ትሎቹ ከተቆፈሩበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ማዳበሪያ የገባበት የአበባ አፈር ቆዳቸውን ያቃጥላል። ለዚህ ዕቃ አራት ወይም አምስት ትል ይበቃል። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት፣ ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ይጠቅልሉና ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ሲገልጡ መስታወቱን ተጠግተው የቆፈሯቸው መንገዶች ይታያሉ፤ አሸዋውም ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ጀምሯል።

እርጥበቱን በእጅ ይለኩ። አንድ እፍኝ አፈር ሲጨብጡ ቅርጹን ይዞ ከቀረና ውሃ ካልወረደው ልክ ነው። ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይርጩ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ካለው ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር።

ጥያቄ፦ የዳቦ ፍርፋሪ ሰጠናቸው፣ ሻገተ። ምን ይበላሉ?

መልስ፦ የበሰበሰ ቅጠል፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ከፈለጉ አንድ የሻይ ማንኪያ በደቃቁ የተከተፈ የካሮት ልጣጭ ወይም ሰላጣ ይጨምሩ፤ ያ ሳያልቅ ግን ሌላ አይጨመርም። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ሽንኩርት፣ ጨውና ዘይት የነካው ሁሉ፣ ሥጋም ይቅር። ጥርስ ስለሌላቸው ምግቡን የሚፈጩት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትፈጭበት ባለ ጡንቻማ ከረጢት ውስጥ በአሸዋ ቅንጣት ነው፤ አሸዋው ለጌጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 9 ነው። ትልን ለሁለት ብቆርጠው ሁለት ትል ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይሆንም፣ እንዳትሞክረው። ያደገ ትል ላይ ወፈር ያለ ቀበቶ ታያለህ፤ ለቀበቶው የሚቀርበው ጫፍ ጭንቅላቱ ነው። ከቀበቶው ብዙ ርቆ ጭራው ቢቆረጥ የጭንቅላቱ ወገን ሊተርፍና ጭራ ሊያበቅል ይችላል፤ የጭራው ወገን ግን ይሞታል።

ይልቅ ይህን ሞክር። እጅህን አርጥበህ ትሉን ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጠው፣ ጸጥ በልና ጆሮህን አስጠጋ። ጭር ጭር የሚለው ከሆዱ ሥር ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ወረቀቱን ሲቧጥጡ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆየው፣ እንዳይደርቅ። ማታ ደግሞ የእጅ ባትሪህን በቀይ ላስቲክ ሸፍነህ ጠርሙሱን አብራበት፤ ዓይን ባይኖረውም ነጭ ብርሃን ሲሰማው ይሸሻል፣ ቀዩን ግን ብዙም አይለየውም። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ አመሻሽ ላይ ወደ ጓሮው ጥላ መልሳቸው። አፈሩ ውስጥ ትንሽ ሎሚ የምትመስል፣ የክብሪት ራስ የምታክል ፍሬ ካገኘህ እንቁላል የያዘች ከረጢት ናትና አብረህ ቅበራት።