ለአርዴሽ ጉዞ ዳገቱን ቁጠሩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ከባለቤትሽ ጋር በብስክሌት ከሊዮን ተነስታችሁ፣ በደቡብ ፈረንሳይ ያሉትን የአርዴሽን ተራሮች አቋርጣችሁ አቪኞን ልትገቡ አስባችኋል። ሰባት ቀን አላችሁ። በቀን 90 ኪሎ ሜትር ይበዛብን ይሆን፣ የከተማ ብስክሌትስ ይበቃል ወይ ብለሻል። እኔ የምኖረው ሊዮን ነው። ያንን መንገድ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

90 ይበዛል። ግን ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ሮን ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ 90 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁም ማታ ወጣ ብላችሁ ትንሸራሸራላችሁ። አርዴሽ ተራራ ውስጥ ግን 45 ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ ይበላዋል። እዚያ የሚቆጠረው ዳገቱ ነው፤ በቀን በድምሩ ስንት ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ የሚለው። ዕቃ ጭኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከ800 እስከ 1000 ሜትር ይበቃል እላለሁ። ሂሳቡ እንዲህ ነው። 7 በመቶ ዳገት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ 70 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። 1000 ሜትር ለመውጣት እንግዲህ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መርገጥ አለባችሁ፣ ከነዕቃችሁ ደግሞ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዝ ናችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መርገጥ ነው። ውሃ መጠጣቱ፣ ጥላ ፍለጋው፣ ትንፋሽ መሰብሰቡ ሳይቆጠር። ስልክ ላይ የብስክሌት መንገድ የሚያወጡ መተግበሪያዎች የከፍታውን ድምር ያሳያሉ። እሱን ሳታዩ የትም ቦታ ማደሪያ አትያዙ።

እኔ የወረቀት ካርታም እይዛለሁ። በሚሼሊን የ1 ለ200,000 ካርታ ዳገታማ መንገዶች ላይ ትናንሽ የቀስት ጫፎች ታያላችሁ። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ ነው፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከ13 በላይ። ሦስት ቀስት ያለበት መንገድ ውስጥ ከነሻንጣችሁ አትግቡ። ጠርዙ አረንጓዴ የተቀባ መንገድ ደግሞ እይታው የሚያምር ነው። አረንጓዴ ሆኖ አንድ ቀስት ብቻ ያለበት ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ብስክሌቱን በተመለከተ፣ ማርሹን እዩ። የምርት ስሙና ዋጋው ኋላ ይደርሳል። የፊተኛው ትንሹ ማርሽ ጥርስ ቁጥር ከኋለኛው ትልቁ ማርሽ ጥርስ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ፊት 34 ኋላ 34 ይሆናል፣ ፊት 30 ኋላ 36 ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ፊት 34 ኋላ 28 ይዤ ነው። ያለ ዕቃ ስሞክረው ምንም አልነበረም። 15 ኪሎ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጨመርበት ግን እያንዳንዱ እርግጫ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው፣ በሦስተኛው ቀን ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ሁለት ቀን ተኛሁ። የኋላውን ማርሽ ማስቀየር ለአንድ ጥሩ ሠራተኛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት አስቀይሩት፣ ሞክሩትም። ጎማው 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን።

አሁን መንገዱ። ከሊዮን ቫላንስ ድረስ በክልሉ ባቡር ሂዱ፣ ብስክሌት ይጭናል፤ በበጋ ግን ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቀን ተኩል ያተርፍላችኋል። ከቫላንስ ቪያሮና የሚባለውን የወንዝ ዳር መንገድ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ላ ቩልት ትወርዳላችሁ። ሚስትራል የሚሉት ኃይለኛ ነፋስ ከሰሜን ስለሚመጣ ከኋላ ይገፋችኋል። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚመጡትን ብስክሌተኞች ፊት ስታዩ ይገባችኋል።

ላ ቩልት ላይ ዶልቼ ቪያ ይጀምራል። ይህን መንገድ በጣም ነው የምወደው። ድሮ የጠባብ ሐዲድ ባቡር ይሄድበት ነበር፣ እሱ በ1968 ቆመ፣ አሁን ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ሆኗል። መኪና የለም። ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ ከወንዙ ጋር እየተጠማዘዘ በድልድዩም በዋሻውም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ሰው ሳይታወቀው ከፍ ይላል። በለ ሼላር በኩል ሴንት አግሬቭ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር አልፋችኋል። ይህን ለሁለት ቀን ክፈሉት። ከዚያ ወደላይኛው አምባ ወጥታችሁ ሞን ዠርቢዬ ደ ዦንክ ሥር ትደርሳላችሁ። ተራራው 1551 ሜትር ነው፣ የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ሎዋር የሚነሳው ከግርጌው ነው። ለዚያች ቀን ሌላ ነገር አታቅዱ።

ከአምባው ወደ ኦብና ከተማ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፣ እኔን ከዳገቱ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፣ ይግላል። ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁት። በበጋ መንገድ ሲጠግኑ ደቃቅ ጠጠር ይበትናሉ። ግራቪዮን የሚል ሰሌዳ ስታዩ እንደ እግረኛ ቀስ በሉ።

ምግብ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ የወደቅኩት እዚያ ነው። እሁድ ቀን ነበር። አንድ ባጌትና ሁለት ሙዝ ይዤ ወጣሁ፣ የሚቀጥለው መንደር ላይ እገዛለሁ ብዬ። መንደሩ ዝግ ነበር። የሚቀጥለውም ዝግ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ መሐል ጉልበቴ በአንድ ጊዜ ከዳኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ አቃተኝ። ፈረንሳዮች ፍራንጋል ይሉታል። እርሻ ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት አይተውኝ ምንም ሳይጠይቁ ዳቦና ስኳር የበዛበት ቡና አወጡልኝ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ነፍሴ መለስ አለች። እኚያን ሴት እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ሁሉም ዝግ ነው ብላችሁ ያዙ፣ ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤት አይከፍትም፣ በአዘቦት ቀንም የገጠር ሱቅ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሁለት ሦስት ሰዓት ይዘጋል። እናንተ የመረጣችሁት ሳምንት ላይ ደግሞ ኦገስት 15 አለ፤ የእነሱ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው፣ አገሩ በሙሉ ዝግ ነው። ስንቅ ከዋዜማው ይያዝ። ሳይርባችሁ ብሉ፣ በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ።

ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነም ልብ በሉ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ጉዞው መሐሉ ላይ ነው የሚወድቀው። የመንደር ምግብ ቤት አይብና የአሳማ ሥጋ ነው፣ ማታ ራሳችሁ የምታበስሉበት ማደሪያ ፈልጉ። ከለ ፑይ የሚመጣው አረንጓዴ ምስር በየሱቁ አለ፣ ቶሎ ይበስላል። ሻቴኝ ከሚሉት የዛፍ ፍሬ የሚሠራው የአርዴሽ ማርማላታም ወተት የለውም። እኔ በሶ ነው የምይዘው። ግማሽ ኪሎ በሶ ከትንሽ ጨውና ስኳር ጋር ቀላቅዬ በፌስታል እቋጥራለሁ፣ ጉልበት ሲያንሰኝ በብስክሌት ጠርሙሴ በጥብጬ እጠጣለሁ። አባቶቻችን በእግር አገር ያቋረጡበት ስንቅ ነው፣ እዚያ ተራራ ላይም እንደሱ ያለ አላገኘሁም።

ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ። ለአበባው ማጠጫ ቧንቧ አለው። ‹ኖን ፖታብል› (አይጠጣም ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አትጠጡት። በኦገስት ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሳይነጋ ተነሱ፣ ከባዱን ዳገት ከረፋዱ በፊት ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሊመጣ ስለሚችልም አምባው ላይ አትዘግዩ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት ክልክል ነው፣ 135 ዩሮ ያስቀጣል። ከከተማ ውጭ ሲመሽ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስም ግዴታ ነው።

መንገድ ላይ ሽማግሌዎች ከየት ናችሁ ይሏችኋል። ኢትዮጵያ ስላቸው ወዲያው ቢኒያም ግርማይን ያነሱልኛል፣ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ የነጥብ አሸናፊው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዶ የለ። እሱ ኤርትራዊ ነው፣ ጎረቤታችን ነው እላቸዋለሁ፤ የእኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን መወዳደሩንም እነግራቸዋለሁ። ጨዋታው እዚያ ይጀመራል፣ ውሃም ይቀዳል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ለአርዴሽ ገደል አስቀምጡ። ቫሎን ፖን ዳርክ ስትደርሱ ወንዙ ራሱ የቦረቦረውን የድንጋይ ቅስት ታያላችሁ። በ1994 የተገኘው፣ የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት የሾቬ ዋሻ እዚያው አጠገብ ነው፤ ዋናው ለጎብኚ ዝግ ነው፣ አምሳያው ግን ክፍት ነው፣ ቲኬት አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ በገደሉ አፋፍ የሚሄደው መንገድ ወጣ ገባ ስለሆነ በጠዋት ግቡበት፣ መኪናው ሳይበዛ።

አሁን የሁለታችሁንም ብስክሌት የፊትና የኋላ ማርሽ ጥርሶች ቁጠሩና እዚህ ጻፉልኝ። መቀየር ያለበትን ለይቼ እነግራችኋለሁ።