የስንዴው ጆንያ እና የአንኮበሩ ውል

ጥያቄ (ከመሀል ሜዳ)፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ መሀል ሜዳ ገበያ እህል እየቸረቸርኩ 3 ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ። እናቴ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ስለነበረች ስንዴና ዘይት ትቀበል ነበር፣ ጆንያው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች አሉበት፣ የዘይቱን ጣሳ እስከዛሬ ገብስ እሰፍርበታለሁ። አሜሪካ እርዳታ አቆመች ሲባል ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጄ ሰምቶ መጣና «እማ ድሮስ ለምን ሰጡን፣ አሁንስ ለምን ተዉን፣ ምን አጠፋን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሀያል አገር ሳይዋጋ ሌላውን አገር እንዴት ነው እንደፈለገ የሚያደርገው? ለገበያ ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅሽ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው ሊጠይቁት የሚገባ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ ታገሺኝ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው።

ከጆንያው እንጀምር። የአሜሪካ የምግብ እርዳታ ህግ የወጣው በ1954 ነው፣ ያኔ ገበሬያቸው ያመረተው እህል ገበያው ከሚችለው በላይ ተትረፍርፎ ነበር። መንግስታቸው እህሉን ከራሱ ገበሬ ይገዛል፣ ከሚላከውም ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን ህጋቸው ያዛል። ስለዚህ እናትሽ ቤት የገባው ጆንያ መጀመሪያ ገበሬያቸውን ጠቅሞ፣ ቀጥሎ የመርከብ ባለቤቱን ጠቅሞ፣ ከዛ የተራበ አብልቶ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለመንግስታቸው ወዳጅ የሚያፈራ ነው። ይሄን የምልሽ ስንዴውን ለማጣጣል አይደለም፣ እኛ ሰባ ሰባት በምንለው ረሀብ ጊዜ ደርግ የሶቭየት ወዳጅ ሆኖ እንኳ እህሉ መጥቷል፣ በሱ የተረፈ ሰው ዛሬ ልጅ አሳድጓል።

ግን ዋናው ነገር መስጠቱ ላይ አይደለም ያለው። በየሳምንቱ እህል በዱቤ የሚሰጥሽ ጅምላ ነጋዴ አለ እንበል፣ ደግ ሰው ነው፣ አምስት አመት ሙሉ ምንም አይልሽም። አንድ ቀን ግን ከሌላ ሰው ጋር በመደብ ቦታ ይጣላና አንቺን «ለኔ መስክሪ» ይልሻል። አላስገደደሽም፣ አልተቆጣሽም፣ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ዱቤ ትዝ ይልሻል አይደል? ሀያል አገርም አብዛኛውን ስራ የሚሰራው በዚህ ነው፣ ያስለመደሽን ነገር ማቆም እንደሚችል አንቺም እሱም ስለምታውቁ።

ሲቆምም አይተናል። በ2020 የአባይ ግድብ ድርድር ዋሽንግተን ላይ እየተካሄደ ኢትዮጵያ የመጨረሻውን ስብሰባ አልሄድም ስትል፣ በዛው ዓመት አሜሪካ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እርዳታ ያዘች። ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት በተፈፀመው የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከአጎአ አስወጣችን፣ አጎአ ማለት ያለ ቀረጥ እቃ አሜሪካ የሚያስገባው የ2000 ህግ ነው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው የራሳቸው ፕሬዝዳንት ነው። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ስትሰፋ የነበረች ልጅ ጦርነቱን አልጀመረችም፣ ቅጣቱ ግን እሷ ጋ ደረሰ። በ2023 ሰኔም እህሉ እየተሰረቀ ነው ተብሎ ለመላው አገር ቆመ፣ የተመለሰው በዓመቱ መጨረሻ ነው፣ ሰራቂው ሌላ፣ ፆሙን ያደረው ሌላ። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የትልልቆቹ ዱላ መጀመሪያ የሚያርፈው ሁሌ ምንም ያላደረገው ላይ ነው።

የ2025ቱ ግን የተለየ ነው፣ ለልጅሽ ይሄን ንገሪው፦ ምንም አላጠፋችሁም። ጥር ላይ አዲሱ ፕሬዝዳንታቸው እርዳታውን ሁሉ ለ90 ቀን ይቁም አለ፣ ሀምሌ 1 ላይ ዩኤስኤይድ የሚባለው እርዳታ ሰጪ መስሪያ ቤታቸው ራሱ ተዘጋ። ምክንያቱ የነሱው የውስጥ ፖለቲካ ነው፣ መንዝ የሚባል አገር መኖሩ ከነጭራሹ አልታሰበም።

ይሄ ነገር ለኛ ሰፈር አዲስ እንዳይመስልሽ። በ1841 ካፒቴን ሀሪስ የሚባል እንግሊዝ ጠመንጃና መድፍ ስጦታ አስጭኖ አንኮበር ንጉስ ሳህለ ስላሴ ዘንድ መጣና የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረመ፣ እንግሊዝ ኤደንን ከያዘች ገና 2 ዓመቷ ነበር፣ ፈረንሳይ እንዳይቀድማት ፈርታ ነው። ንጉሱም ጠመንጃ ፈላጊ ነበሩ፣ እሳቸውም የራሳቸው ሂሳብ ነበራቸው። በ1876 ደግሞ ጣሊያኖች መጡ፣ እነዚህ ወታደር አይደሉም፣ የጂኦግራፊ ማህበር ነን፣ እፅዋትና ወፍ እናጠናለን አሉ። ምኒልክም አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጧቸው። ከዛ ኮንት አንቶኔሊ ተከትሎ መጣ፣ ጠመንጃ አቀረበ፣ በ1883 ከሸዋ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፣ በ1889 ደግሞ ያው ሰውዬ ነው ውጫሌ ላይ ውሉን ያመጣው። አንቀፅ 17 በአማርኛው ንጉሰ ነገስቱ ከአውሮፓ ነገስታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የእንግሊዟ ንግስት ለምኒልክ ደብዳቤ መልስ ስትሰጥ በጣሊያን በኩል ነው መላላክ ያለብን ብላ ስትፅፍ ነው ነገሩ የታወቀው። ይታይሽ፣ በወፍ ጥናት ተጀምሮ አገር በአንዲት ቃል ልትያዝ!

ምኒልክ ያደረጉትን ልብ በይ። በመሀል ከጣሊያን የተወሰደ 4 ሚሊዮን ሊሬ (የጣሊያን ገንዘብ ነው) ብድር ነበር፣ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ። ውሉን በ1893 ሲያፈርሱ የብድሩንም ነገር ከፍለው ለመገላገል ነው የተነሱት፣ ዕዳ ይዞ እምቢ ማለት እንደማያዋጣ ገብቷቸው ነበር። አድዋን ሁላችንም እናከብራለን፣ ይቺን የብድር ነገር ግን ማንም አያነሳትም።

ዛሬ ደግሞ ውሉ በቢሮ ነው። አይኤምኤፍ፣ ለመንግስታት የሚያበድረው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ማለት ነው፣ እሱ ውስጥ የአሜሪካ ድምፅ 16 ከመቶ አልፎ ይሄዳል፣ ትልልቅ ውሳኔ ለማለፍ 85 ከመቶ ስለሚፈልግ እሷ ብቻዋን እምቢ ካለች አያልፍም። በ2024 ሀምሌ ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ የዶላር ዋጋ ሲሰቀል ወዲያው የተፈቀደልን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ከዚሁ ቤት ነው። ዘይትና ማዳበሪያ ሲወደድ አንቺ ጣሳሽን ስትሰፍሪ ያየሽው እሱን ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ቻይና ግን አትሻልም? በፖለቲካችን አትገባም፣ መንገድና ባቡር ትሰራለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መንገዱም ባቡሩም እውነት ነው፣ በ2012 የተመረቀውን የአፍሪካ ህብረት ህንፃም በስጦታ ሰርታለች። ግን ባቡሩ በብድር ነው፣ ብድር ደግሞ ዝም ያለ ጉልበት ነው። ኢትዮጵያ በ2023 ታህሳስ የቦንድ (ከውጭ ገበያ የተበደረችበት ሰነድ) ክፍያዋን ሳትከፍል ስትቀር እና የመንግስታት ዕዳ ይሸጋሸግልኝ ስትል፣ የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። «አልገባም» የሚል አገር ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። አሜሪካ ቅድመ ሁኔታዋን ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፣ ቻይና በር ዘግታ ትነጋገራለች፣ ለኔ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፣ እንደውም ውሉን ህዝብ ስለማያየው የቻይናው የበለጠ ያሳስበኛል።

አንተ ደግሞ ለዚህ ምስክር አለህ፣ ጣርማ በር ዋሻን በየቀኑ ታየዋለህ። ጣሊያን የቆፈረው ለጦሩ ነበር፣ ጣሊያን ሄደ፣ ዋሻው የኛ ሆኖ ቀረ፣ ዛሬ የመንዝ በግና የይፋት ማሽላ ያልፍበታል። ባቡሩም ሙሉ በሙሉ የኛ የሚሆነው ዕዳው ሲያልቅ ነው፣ እስከዛ ድረስ ግን ስንት እንደቀረን በየዓመቱ በግልፅ እንዲነገረን መጠየቅ አለብን፣ አንተም ጠይቅ።